«ተባለ» የሌለበት በር

ሙሉሃብት አረጋን ላሊበላ ውስጥ የማይወዳት ብዙ ነበር፤ የማያነባት ግን አልነበረም። የሚጠሏት ሰዎች እንኳ ማልደው መጥተው፣ የሱቋ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እስከ ታች አንብበው፣ ምራቃቸውን ጢቅ አድርገው ነበር ወደ ጉዳያቸው የሚሄዱት።

የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል ካለ ገበሬ ቤት ነው። አባቷ አረጋ ከሰው ጋር ነገር የማይወድ፣ ልጆቹን «ዝም አይነቅዝም» እያለ ያሳደገ ሰው ነበር። ራሷ እንደምትናገረው ገና ትንሽ ሳለች «አይነቅዝም፤ ግን አይበቅልም» ብላ መለሰችለትና ኩርኩም ቀመሰች። ከዚያ ወዲህ መልሷን ከማውጣቷ በፊት ከአባቷ እጅ ራቅ ብላ መቆም ተማረች እንጂ መልሱን አልተወችም።

ወልድያ ወርዳ ጽሕፈት ተማረችና ተመልሳ በአንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች። የጽሕፈት ቤቱ ስም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬም ምን ተብሎ እንደሚጠራ እርግጠኛ የሆነ ሰው ስለሌለ፣ እኛም ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ብለን እንለፈው። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ሥራው ተለውጦ አያውቅም። ሥራው «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ማለት ነበር። ነፋስ ጣራውን የገለበጠው ትምህርት ቤት በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። ሐኪም የሌለው ጤና ጣቢያ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። በረዶ የመታው ገብስ ሳይቀር በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኝ ነበር። ሙሉሃብት ይህችን ዐረፍተ ነገር ከመደጋገሟ ብዛት ጣቶቿ ሳታዛቸው ይተይቧት ጀመር።

አንድ ቀን የተሰጣት ሪፖርት «የሰፈሩ ነዋሪዎች ለተሠራላቸው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ምስጋናቸውን አቀረቡ» ይላል። ሰፈሩ የእሷው ሰፈር ነው። መንገዱን የዚያን ዕለት ጠዋት የተሻገረችው ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየዋጣት ነበር። ወረቀቱን ይዛ ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«ጌታዬ፣ ያመሰገኑት እነማን ናቸው?»

«ነዋሪዎቹ ናቸዋ።»

«እኔም ነዋሪ ነኝ። አላመሰገንሁም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሕዝቡ ነው ያመሰገነው።»

«እንግዲያው ከሕዝቡ አንዱን በስሙ ይጥሩልኝ።»

ኃላፊው ሳቀ። የእብሪት ሳቅ አልነበረም፤ ቀልድ የሰማ ሰው ሳቅ ነበር። ሙሉሃብትን ያበሳጫትም ይኸው ነው። ቢቆጣት ኖሮ ምናልባት ትቆይ ነበር። ውሸቱን ራሱም እንደ ውሸት ሳይቆጥረው እንደ ሰላምታ የሚለዋወጠው መሆኑን ስታይ ግን ናቀችው፤ የናቁትን ሰው ደግሞ ማገልገል ከባድ ነው። መልቀቂያዋን አስገባች። በባጃጆች ተራ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየችና የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈተች።

የበሩ ነገር የመጣው በጦርነቱ ጊዜ ነው። መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ ፎቶ ኮፒው አቧራ ለበሰ። ከተማው በወሬ ብቻ መኖር ጀመረ። መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ተዘጋ ተባለ። እርዳታ መጣ ተባለ፤ ሰው ጆንያውን ይዞ ሮጦ ባዶውን ተመለሰ። ጎረቤቷ ምሥራቅ፣ በየሆቴሉ ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት፣ «መንገዱ ተከፍቷል ተባለ» ብላ ለታመመች እናቷ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታ፣ ከመንገድ ላይ ተይዛ ስትጉላላ ሰንብታ ቆስላ ተመለሰች። እናቷ በመሐል ሞታ ተቀብራለች።

ሙሉሃብት ምሥራቅን ልታስተዛዝን ሄዳ ስትጠይቃት፣ መንገዱ መከፈቱን ማን እንደነገራት ምሥራቅ አታውቅም። «ሰዉ ሁሉ ይል ነበር» አለች። ያን ሰሞን ሙሉሃብት ሰዉን ሁሉ እየዞረች ጠየቀች። እያንዳንዱ የሰማው ከሌላው ነው፤ ያየ አንድም አልተገኘም። ሞት ያህል ነገር ያስከተለ ቃል ባለቤት አልነበረውም።

በማግስቱ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች። የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ነበር፦ «ሸዕባን፣ የጭነት መኪና ሹፌር። መኪናዬን ጋሸና ትቼ በእግሬ መጥቻለሁ። መንገዱ በመኪና አይታለፍም። በዓይኔ ያየሁት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሕጓን ማንም እስኪሰለቸው ድረስ ሰማው። ያየ ሰው ያየውን ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ስሙ ከሥሩ ይሆናል። ተሳስቶ ከሆነ ራሱ መጥቶ ያርማል፤ እርማቱም ከሥሩ ይለጠፋል። «ተባለ» በዚያ በር አይገባም። ብዙ ሰው «ነገሩን ጻፊው፣ ስሜ ግን ይቅር» ይላታል። «ስምህ ከቀረ ነገሩም ይቅር» ትለዋለች። ተቆጥቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ጥቂት ርቆ ይቆምና፣ አስቦ፣ ይመለሳል። ሙሉሃብት በሕይወቷ ሰውን ያከበረችው በዚያች ቆም ብሎ በሚመለስባት ቅጽበት ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰላም ሆኖ መብራቱም ስልኩም ሲመለስ ወረቀቱ ይቆማል ብሎ የጠበቀ ነበር። አልቆመም። ቅዳሜ ገበያ ከገጠር የወጣ ገበሬ ጭነቱን አራግፎ ወደ በሩ ይመጣል፤ ማንበብ ለማይችለው ባጃጅ ነጂዎቹ ጮክ ብለው ያነቡለታል። ከእነሱ አንዱ የሙሉሃብት ታናሽ ወንድም ደሳለ ነበር። በእህቱ ወረቀት ይኮራ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጭን «ይኸ የእታለም በር ነው» ሳይል አያልፍም።

ለገና በዓል ከተማው ሽር ጉድ ሲል ምሥራቅ ወደ ሱቁ መጣችና ቆማ አስጻፈች፦ «ምሥራቅ፣ ልብስ አጣቢ። በሰፈራችን ቦኖ ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ውሃ አልመጣም። ትናንት ልብስ ለማጠብ በሄድሁበት ሎጅ ግን ለእንግዶች ተብሎ የተተከለው ሣር በጎማ ውሃ ሲጠጣ አይቻለሁ።»

ይህ ብቻ ነው። ስድብ የለውም፣ ክስ የለውም። ግን በማግስቱ ሙሉሃብት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተጠራች።

የተቀበላት የአብስራ የሚባል ወጣት ኃላፊ ነው። ጋዜጠኝነት ተምሮ ተመርቋል፤ ምርቃቱን የሚያሳየው ፎቶ ከራስጌው ተሰቅሏል። ሙያውን ግን እንደ ሠርግ ልብስ አንድ ቀን ለብሶ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ክፉ ልጅ አይደለም። ወንበር አቀረበላት፣ ታላቁ ስለሆነችም አንቱ እያለ አናገራት።

«እትዬ፣ ማንም አይከለክልዎትም። መናገር መብት ነው። እኛ የምንለው ከመለጠፍዎ በፊት ብናየው ነው።»

«አይተህ ምን ልታደርገው?»

«ለማስተካከል ነዋ።»

«ምሥራቅ ያለችው ውሃ የለም ነው። ይኸ ሲስተካከል ምን ይሆናል?»

የአብስራ አሰበ። እውነትም አሰበ። «የውሃ አቅርቦቱን ለማሻሻል ጥረት እየተደረገ ይገኛል።»

«ጥረቱን ምሥራቅ አይታዋለች?»

«እትዬ፣ ሕዝቡ እንዳይደናገር ነው የምንጨነቀው።»

«ከተደናገሩት አንዱን አምጣልኝ፤ ቁጭ ብዬ ላስረዳው።»

«ሕዝቡ ነው ያልሁት።»

«ሰማሁ። ሕዝቡ ቤቱ የት ነው? የምሥራቅን ቤት አውቀዋለሁ፤ ከቦኖው በላይ ነው። የአንተንም እናት ቤት አውቀዋለሁ። ይኸ ሕዝቡ የምትሉት ሰውዬ ግን ስንት ዓመት ስትጠሩት አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ በእሱ ስም የሚቆጣው ሌላ ሰው ነው።»

የአብስራ ፈገግ አለ፤ የተማረውን ሁሉ ረስቶ የቀረው ምሳሌያዊ አነጋገር ነበር። «እትዬ፣ እናንተው አይደላችሁም የምትሉት፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።»

«ኧረ ለመሆኑ» አለች ሙሉሃብት ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «አንበሳው ምን አጥፍቶ ነው የሚታሰረው?»

የአብስራ ከልጅነቱ ጀምሮ ምሳሌውን ሲሰማ ስለ ድሩ እንጂ ስለ አንበሳው አስቦ አያውቅም ነበር። ወረቀቱ እንዳለ በሩ ላይ ሰነበተ።

ከዚያ ኑሯቸው በጎብኚ የሆነ ሰዎች በየተራ መጡ። እነሱስ ከጽሕፈት ቤቱም ይብሳሉ፤ ጽሕፈት ቤቱ ቢያንስ ደመወዝ እየተከፈለው ነው የሚዋሸው። እንግዳ ይሸሻል አሉ። የከተማው ስም ይጠፋል አሉ። ውሃ የለም መባሉ አሳፈራቸው እንጂ ውሃ አለመኖሩ አላሳፈራቸውም። ሎጁም ከእንግዲህ ምሥራቅን ልብስ እንዳታጥብለት አሰናበታት። ምሥራቅ ይህንንም መጥታ አስጻፈች፣ በስሟ።

ለጥያቄዋ መልስ ሰጥቶ የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የነፍስ አባቷ መምሬ ገብረመስቀል። አንድ ከሰዓት በኋላ በትራቸውን ተደግፈው መጡና ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሙሉሃብት መስቀል ተሳለመች።

«ልጄ» አሉ፣ «ገበና ይሸፈናል እንጂ አይገለጥም። ምእመኑ ከስንት አገር በእግሩ ተጉዞ ለበረከት ሲመጣ የሚቀበለው ይህ ወረቀት ይሁን?»

«አባቴ፣ አንድ ሰው ለንስሐ መጥቶ ‹ሕዝቡ በድሏል› ቢልዎት ይፈቱታል?»

«እንዴት አድርጌ። እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል እንጂ።»

«እኔም እኮ ሌላ አልሠራሁም። ሁሉም በየስሙ ያየውን ይናገራል። በጅምላ የሚጸድቅም የሚኮነንም ካለ ያሳዩኝና እተዋለሁ።»

«ይኸ እውነት ነው» አሉ መምሬ ገብረመስቀል። «ግን ልጄ፣ ንስሐ በጆሮ ይነገራል እንጂ በር ላይ አይለጠፍም።»

ባርከዋት ሄዱ። ሙሉሃብት ያን ቀን ሱቋን ሳትዘጋ ብዙ ተቀመጠች። ቃላቸው ከነከናት። ለእሳቸው የሚሆን መልስ አላገኘችም፤ ባታገኝም አልናቀቻቸውም። ከመጡት ሁሉ «ሕዝቡ» ሳይሉ በራሳቸው አፍ ያናገሯት እሳቸው ነበሩ።

ወዳጆቿ ደግሞ ከጠላቶቿ የከፉ ሆነው ተገኙ። ከእነሱ ዋነኛው ፈንታው የሚባል መምህር ነው። በየሻይ ቤቱ ስለ ነፃነት የሚናገር፣ ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ አስተናጋጇ ስትቀርብ ግን ድምፁን የሚቀንስ ሰው። ሙሉሃብት መጠራቷን ሲሰማ ሱቋ ድረስ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«አንቺ የሕዝብ ድምፅ ነሽ።»

«እኔ የራሴ ድምፅ ነኝ» አለችው። «ምሥራቅም የራሷ ናት። አንተም ካለህ አሰማን።»

በማግስቱ ፈንታው የታጠፈ ወረቀት አመጣ። አንድ ሹም ስለሠራው በደል የሚተርክ ነው፤ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ «እኛ የከተማው ነዋሪዎች» ብሎ የሚጀምር። ሙሉሃብት እስከ መጨረሻው አነበበችውና ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ስምህ የታለ?»

«ስሜ ከወጣ እንጀራዬን አጣለሁ፤ ታውቂ የለ?»

«ምሥራቅም አጥታለች።»

«ምሥራቅ ምን የምታጣው አላት!»

ሙሉሃብት ለጥቂት ጊዜ አየችው። ነፃነት የሚሉትን ነገር ይህ ሰው የሚፈልገው በሌላ ሰው እንጀራ ተከፍሎለት ነው። «እኛ» የሚለውንም የሚወደው «እኔ» ማለት ስለሚያስፈራው ነው። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። ሳምንት ሳይሞላ ፈንታው በሻይ ቤቱ «እሷ እኮ የእነሱው ሰው ናት፤ እኛን ለመለየት ያስቀመጧት ናት» እያለ ያወራ ጀመር። ለዚህ ወሬው ድምፁን አልቀነሰም።

ገና መጣ፣ ከተማው በነጭ ተሞላ፣ ገና አለፈ። ምእመኑ መመለስ በጀመረበት ሰሞን አንዲት አሮጊት ሱቁ ደጃፍ መጥተው ተቀመጡ። አመተ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ ከዋድላ፣ ከኮን አካባቢ፣ በእግራቸው ነው የመጡት። እግራቸው አብጧል።

«እዚህ ደጅ የተበደለ ይናገራል አሉኝ» አሉ።

«ያየ ይናገራል፣ እማማ። ምን አዩ?»

አሮጊቷ ተረኩ። ሳይመለሱ ነአኩቶ ለአብን ሊሳለሙ ፈልገው፣ እግራቸው እምቢ ቢል ባጃጅ ተሳፈሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሁለት ነጮች እጃቸውን አነሡ። ነጂው ቆመ፣ አሮጊቷን «ትንሽ ይጠብቁኝ» ብሎ አወረዳቸው፣ ነጮቹን ጫነ፣ ሄደ። አልተመለሰም። ጥቅልላቸው ከወንበሩ ጀርባ ቀረ። በጥቅልሉ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አስባርከው የያዙት፣ ለሞታቸው ያሉት አቡጀዲ ነበረበት።

«የባጃጁን ታርጋ አይተዋል?»

«እኔ ፊደል አላውቅ። ከመስታወቱ በላይ ቀይ የኳስ ማልያ ሰቅሏል። ነጂው የግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት።»

የሙሉሃብት እስክሪብቶ ቆመ። ያን ጠባሳ ታውቀዋለች። ደሳለ ሕፃን ሳለ ከጎተራው ላይ ሲወድቅ ደሙን በቀሚሷ የጠረገችው እሷ ናት።

መጀመሪያ ያሰበችው ይህን ነው፦ ማታ ቤቱ እሄዳለሁ፣ ጥቅልሉን ተቀብዬ ለሴትዮዋ እሰጣለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። ሰው ለምን ይስማው። የአባታችን ቤት ስም ለምን ይነሣ። ይህን እያሰበች አፏን ከፈተች።

«እማማ፣ ይህን ነገር ትንሽ ብናስተካክለው…»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በጆሮዋ ሰማችው። የየአብስራ ቃል ነው። ድምፁ እንኳ ተመሳሳይ ነበር፤ ለስላሳ፣ ተቆርቋሪ፣ ለሰው ሲባል የተነገረ። ሙሉሃብት ሌላውን ሁሉ ስትንቅ ኖራ ለራሷ የሚተርፍ ንቀት ያላት አይመስላትም ነበር። ያን ዕለት ተገኘ። «ይተዉት፣ ምንም አላልሁም እማማ» አለችና አሮጊቷ ያሉትን፣ እንዳሉት፣ ማልያውንም ጠባሳውንም ጻፈች። «አመተ ጊዮርጊስ፣ ከዋድላ» ብላ ከሥሩ ስማቸውን አኖረች።

ከዚያ ቆመችና የራሷን አንድ መስመር ጨመረች፦ «ሙሉሃብት አረጋ። ይህን ባጃጅ አውቀዋለሁ። የወንድሜ የደሳለ ነው።»

ለጠፈችው።

ደሳለ የመጣው ገና ሙጫው ሳይደርቅ ነው። ጓደኞቹ አንብበው ነግረውታል። ጥቅልሉን በብብቱ ይዞ ገባና ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው።

«ረስቼው ነው። ወንበር ጀርባ ሆኖ አላየሁትም። ብትጠይቂኝ አልሰጥሽም ነበር?»

«ትሰጠኝ ነበር።»

«ታዲያ ደም አይደለንም?»

«ነን። ለዚህም ነው ስሜን ከስምህ አጠገብ ያደረግሁት። አሁን ያልኸውን ንገረኝና ከሥሩ ልለጥፈው። ረስቼው ነው በል። አሮጊቷን ለምን ከመንገድ እንዳወረድሃቸውም ጨምርበት።»

«በር ላይ ቆሜ ነው የምለፈልፈው?»

«ሸዕባን ለፍልፏል። ምሥራቅ ለፍልፋለች።»

«እኔ ወንድምሽ ነኝ፣ እታለም።»

ሙሉሃብት ባዶ ወረቀት አውጥታ እስክሪብቶዋን አነሣች። ደሳለ ወረቀቱን አየና ወጣ። ያ ቀን ካለፈ በኋላ «የእታለም በር» የሚል ሰው ከባጃጅ ተራው ጠፋ።

አሮጊቷ ጥቅልላቸውን ፈትተው አቡጀዲውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ምንም አልጎደለም። ምርቃት የጠበቀችው ሙሉሃብት ግን ተግሣጽ ነው ያገኘችው። «ልጄ፣ እኔ ዕቃዬን እንጂ ሰው እንዲዋረድ አልፈለግሁም። ወንድምሽን እንዲህ ባታደርጊው ምን ነበር?» ብለው መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ አገራቸው መንገዱን ጀመሩ። ሙሉሃብት እስኪሰወሩ ድረስ ቆማ አየቻቸው። ይህንን እንኳ ሊያስጽፉ ቢፈቅዱ ኖሮ ትለጥፈው ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ የጠበቀው ይህን ነበር። ውሃ የሌለው ሰፈር፣ ሥራዋን ያጣች አጣቢ፣ ከተማውን አንድ አያደርግም፤ የተነኩ ባጃጅ ነጂዎች ግን አንድ ያደርጋሉ። የከተማውን ውበት በወረቀት ማበላሸት፣ ያለ ፈቃድ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ የማኅበረሰቡን መተሳሰብ መሸርሸር ተብሎ ሱቋ በገመድና በማኅተም ታሸገ። ሊያሽግ የመጣው የአብስራ ራሱ ነው። ፊቷን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«በሕዝቡ ጥያቄ ነው እትዬ። ፊርማ ተሰብስቧል።»

«ፊርማ?» አለች ሙሉሃብት። ደስ ያላት ትመስል ነበር። «እንግዲያው ስም አለው ማለት ነው። እስቲ አሳየኝ፤ እነማን ናቸው?»

«የፈራሚዎቹ ስም ምስጢር ነው።»

ሙሉሃብት በዚያን ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ስንት ዓመት በስሙ ሲጠራ የኖረው ሕዝብ በመጨረሻ ብዕር አንሥቶ ሲፈርም እንኳ ተሸፋፍኖ ነው።

ፈንታውም ፈርሟል ተባለ። ይህን የነገሯት ብዙዎች ናቸው፤ እሷ ግን አልተቀበለችም። ሲፈርም በዓይኔ አየሁት ያለ አልነበረምና።

ጽሕፈት ቤቱ በበሩ ምትክ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት የብረት ሰሌዳ አስተከለ። «የማኅበረሰብ መረጃ ሰሌዳ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ፀሐይ እንዳይጎዳው ክዳን አለው፣ ዝናብ እንዳያበላሸው መስታወት አለው፣ ማንም እንዳይነካው ቁልፍ አለው። በውስጡ ውሃው፣ መንገዱና ጤና ጣቢያው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ። ፍየሎች ጀርባቸውን ያኩበታል።

ሙሉሃብት አሁን ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግታ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በእጇ ትጽፋለች። ምሥራቅ መጥታ «እንግዲህ የማየውን የት ልናገር?» ስትላት «የራስሽ በር የለሽም?» አለቻት። ምሥራቅ የቆርቆሮ በር አላት። በከሰል ጻፈችበት፦ «ውሃ ዛሬም አልመጣም። ምሥራቅ።» ቀጥሎ ሌላ ሰው በበሩ ጻፈ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሁሉም እውነት አይደለም። አንዱ ጎረቤቱን በውሸት ሌባ ብሎ ጽፎበታል፤ ሙሉሃብት አንብባው «ቀጣፊ» ብላ አለፈች። ግን ከሥሩ ስሙ ስለነበር ጎረቤቱ ማንን እንደሚከስ አውቆ፣ የክስ ማመልከቻውን ያስጻፈው በእሷው ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ ቀን የአብስራ በባሕር ዛፉ ሥር ሲያልፍ ቆመ። ጥቂት አመነታና ጠየቃት።

«እትዬ፣ ሰሌዳችንን ሰው ለምን አያነበውም?»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ጽሕፈት ቤቱ።»

«እንግዲያው ጽሕፈት ቤቱ ያንብበው» አለችውና ወደ ባለጉዳይዋ ዞረች።

ከደሳለ ጋር እስካሁን አልታረቁም። ሽማግሌ ገብቶ ነበር። ደሳለ «ይቅርታ ትበለኝ» አለ። እሷም «ከጻፍሁት ውስጥ አንዲት ውሸት ያሳየኝና እላለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱ ተቀድዶ ስለጠፋ፣ ቢኖርም ውሸት ስላልነበረበት፣ ነገሩን ለእግዜር ትተው ተነሡ።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ አጓርቶ ሲወርድ፣ ሙሉሃብት ጠረጴዛዋን በላስቲክ ሸፍና መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ቀይ ማልያ የሰቀለ ባጃጅ ከፊቷ ቆመ። ገባች። እስከ ቤቷ ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ስትወርድ ሒሳቡን ሰጠችው፤ ተቀበለ። ወንድም ነኝ ብሎ እምቢ አላለም፤ ዝናብ ነው ብሎም አልጨመረባትም።